ቤት ባፈራው ብቅል ቢራ ስትጠምቁ፦ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቤቱ ቢራ የሚጠምቅ ሰው የተራረፈ ነገር አያጣም። ግማሽ ከረጢት ብቅል፣ ካለፈው ጠመቃ የተረፈ ሆፕ (ቢራን የሚያመርርና መዓዛ የሚሰጥ አበባ)፣ ፍሪጅ ጥግ የተረሳ እርሾ። አንድ ቀን ይሰበስበውና “ከዚህ ምን ይወጣል?” ብሎ ያስባል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ከምወዳቸው ቢራዎች ጥቂቶቹን እኔም ያገኘሁት በዚህ መንገድ ነው። ግን ተመሳሳይ ስህተት ደጋግሜ ስላየሁ ዛሬ ልጻፈው አልኩ።

ያለውን ሁሉ መጨመር

በጣም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ጀማሪው ዝርዝሩን ያሳየኛል። ትንሽ ክሪስታል (ካራሜል ካራሜል የሚል ጣፋጭ ብቅል)፣ ትንሽ ቸኮሌት ብቅል (በደንብ የተቆላ)፣ ትንሽ ሙኒክ (የዳቦ ጣዕም ያለው ብቅል)፣ ትንሽ የተጨሰ ብቅል፣ አራት ዓይነት ሆፕ። “ለምን ይሄ ሁሉ?” ስለው “ስላለኝ” ይለኛል። እባካችሁ! ጓዳ ማጽዳት ሌላ፣ ቢራ መጥመቅ ሌላ።

ይህን የምለው ስለደረሰብኝ ነው። አንድ ጊዜ ሰባት ዓይነት ብቅል አንድ ላይ ከትቼ 20 ሊትር ጠመቅሁ። እያንዳንዱ ለብቻው ሲቀመስ ጥሩ ነበር። ቢራው ግን ቡናማ ሆኖ ወጣ፤ ከዚያ ውጪ የምለው ነገር አልነበረውም። የክሪስታሉ ጣፋጭነት የተቆላውን ሸፈነው፣ የተቆላው ደግሞ የሙኒኩን የዳቦ ጣዕም ዋጠው። ሁለት ወር ጠበቅሁት፣ አልተሻለም። በመጨረሻ ደፋሁት። የአንድ ሙሉ ቀን ሥራ ነበር።

አሁን እያንዳንዱን ነገር ከመጨመሬ በፊት ሥራው ምን እንደሆነ እጠይቃለሁ። ቀለም ነው? ወፈር የሚል አካል ነው? ጣዕም ነው? መልስ ካጣሁለት ተመልሶ ከረጢቱ ውስጥ ይገባል። ለአብዛኛው ቢራ ሁለት ወይም ሦስት ብቅል በቂ ነው። ክሪስታል ከጠቅላላው ብቅል 10 በመቶ ገደማ ላይ ቢቆም ጥሩ ነው። በጣም የተቆላው ጥቁር ብቅል ደግሞ በ5 በመቶ ራሱ ቢራውን በደንብ ያጠቁረዋል። የተረፈው ይቆይ። ያልተፈጨ ብቅል ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ከተቀመጠ ወራት ይጠብቃል።

ዋናውን ብቅል መርሳት

አንድ ወዳጄ ሁለት ኪሎ የተዳመጠ አጃና አንድ ኪሎ ክሪስታል ነበረው። “እህል እህል ነው” ብሎ በ66 ዲግሪ ውሃ አንድ ሰዓት ዘፈዘፈው። ከዚያ ደወለልኝ፤ ድስቱ ውስጥ ያለው ገንፎ ሆኖበታል። እሱ ጎበዝ ሰው ነው፣ ይሄን የነገረው ስላልነበረ ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እርሾ ስታርች አይበላም፤ ስኳር ነው የሚበላው። ስታርቹን ወደ ስኳር የሚቀይሩት ብቅሉ ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች ናቸው። እነሱን በብዛት የያዙት እንደ ፔልና ፒልስነር ያሉት፣ በቀስታ የደረቁት ነጣ ያሉ ብቅሎች ናቸው። ክሪስታልና የተቆላ ብቅል በእሳት ስላለፉ ኢንዛይማቸው ሞቷል። አጃ፣ ሩዝና በቆሎ ደግሞ ካልበቀሉ ስታርቻቸውን የሚቀይር አቅም የላቸውም። ሙኒክ ራሱን ይችላል፣ ሌላውን ለመሸከም ግን አቅሙ ያንሳል።

ስለዚህ ዝርዝር ስታወጡ መጀመሪያ ያላችሁን ነጣ ያለ ብቅል መዝኑ። ከጠቅላላው ቢያንስ 70 በመቶ እሱ ይሁን፤ ሌላው በእሱ ዙሪያ ይለካል። ከተጠራጠራችሁ ከዝፍዝፉ ትንሽ ፈሳሽ ነጭ ሳህን ላይ ጠብ አድርጉና አዮዲን ጨምሩበት። ወደ ሰማያዊ ጥቁር ከተለወጠ ስታርቹ ገና አልተቀየረም ማለት ነው። ያንን ጠብታ ድፉት፣ ወደ ድስቱ አትመልሱት።

የጎደለውን በስኳር መሙላት

20 ሊትር ለመጥመቅ አስባችሁ ብቅሉ ካነሰ ሊትሩን ቀንሱ። አንድ ኪሎ ነጣ ያለ ብቅል፣ ሥራው በደህና ከሄደ፣ 225 የግራቪቲ ነጥብ (ፈሳሹ ውስጥ የሚገባው ስኳር መለኪያ) ያህል ይሰጣል። ለ20 ሊትር መነሻ ግራቪቲው 1.050 (በሊትር 50 ነጥብ) የሆነ ቢራ 50 ሲባዛ በ20፣ ማለትም 1,000 ነጥብ ያስፈልገዋል፤ 4.4 ኪሎ ገደማ ነው። ሦስት ኪሎ ብቻ ካላችሁ 13 ሊትር ይወጣችኋል። የ13 ሊትር ጥሩ ቢራ ከ20 ሊትር ቀጭን ቢራ በብዙ ይበልጣል። ስኳር አልኮሉን ይጨምራል፣ አካሉን ግን ያሳሳዋል።

ሆፕን በግራም ብቻ መተካት

“50 ግራም ይላል፣ እኔም 50 ግራም አለኝ” አይሠራም። የአልፋ አሲዱን፣ ማለትም መራራነት የሚሰጠውን ንጥረ ነገር፣ መጠን እዩ። ባለ 4 በመቶ ሆፕ 50 ግራም ቢፈለግና እናንተ ያላችሁ ባለ 12 በመቶ ቢሆን፣ 50 በ4 ተባዝቶ ለ12 ሲካፈል ወደ 17 ግራም ይመጣል። 50ውን ከጨመራችሁት መራራነቱ ሦስት እጥፍ ይሆናል። የአይብ ሽታ ያመጣ ሆፕ አርጅቷልና ጣሉት።

ብቅሉንም ከመመዘናችሁ በፊት አኝኩት። ኩርም ካላለ፣ ወይም የቆየ ካርቶን የሚመስል ጣዕም ካለው፣ አይሆንም።

እርሾን መጨረሻ ላይ ማሰብ

እኔ አሁን የምጀምረው ከእርሾው ነው፤ ቶሎ የሚሞተው እሱ ነውና። ደግሞም ምን ዓይነት ቢራ እንደሚወጣ የሚወስነው እሱ ነው። የላገር (በቅዝቃዜ የሚብላላ ቢራ) እርሾ ይዛችሁ ከ9 እስከ 14 ዲግሪ የሚቆይ ቦታ ከሌላችሁ የላገር ዝርዝር አታውጡ። የኤል (ሞቅ ባለ ቦታ የሚብላላ ቢራ) እርሾ በ18 እና በ20 ዲግሪ መካከል በደህና ይሠራል።

ቀኑ ያለፈበት እሽግ ካላችሁ ከጠመቃው አንድ ቀን በፊት ሞክሩት። ፈልቶ ለብ ያለ ጥቂት የስኳር ውሃ ውስጥ ቆንጥራችሁ ጨምሩ። ሰዓታት አልፈው አረፋ ካላወጣ በእሱ ተማምናችሁ እሳት አታንድዱ።

ሁለት የተራረፉ እርሾዎችን መቀላቀል ደግሞ በተለይ አንደኛው የሴዞን (የቤልጂየም ቢራ ዓይነት) ከሆነ አደጋ አለው። አንዳንድ የሴዞን እርሾዎች ሌላው የተወውን ስኳር ቀስ እያሉ ይበላሉ። ቢራው አለቀ ብላችሁ ጠርሙስ ውስጥ ስታሽጉት ጋዙ ይጠራቀማል፣ ጠርሙሱ ይፈነዳል። የጠርሙስ ስባሪ ዓይን ያጠፋል። ሃይድሮሜትሩ (የግራቪቲ መለኪያው) ለተከታታይ ሦስት ቀን አንድ ዓይነት ቁጥር ካላሳየ አታሽጉ። ሴዞን ከሆነ ሳምንታት ጨምሩበት።

የመጨረሻው ስለ ከረጢቶቻችሁ ነው። ሆፕ በከፈታችሁ ቁጥር ስሙን፣ አልፋውንና ቀኑን በማርከር ላዩ ላይ ጻፉና ፍሪዘር ውስጥ መልሱት። ምንነቱ የጠፋ ሆፕ ካገኛችሁ ለመራራነት አትጠቀሙበት። ሽታው ደስ ካላችሁ እሳቱ ሊጠፋ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ጨምሩት። እዚያ ላይ ብዙ መራራነት ስለማይወጣው የአልፋውን ቁጥር ባታውቁም ቢራው አይበላሽም።