የተቀበልነውን ጸጋ በዱቤ ደብተር ላይ መኖር፦ ለድሬዳዋ ክርስቲያኖች የተግባር ምክር

የእግዚአብሔርን ጸጋ በዕለት ኑሮው ሊገልጥ የሚፈልግ የድሬዳዋ ክርስቲያን ልምምዱን ከዱቤ ደብተሩ እንዲጀምር እመክራለሁ። በቀፊራም ሆነ በሳቢያን፣ በሱቅም ሆነ በጉሊት፣ ብዙው ሰው ለአንዱ አበዳሪ፣ ለሌላው ተበዳሪ ስለሆነ፣ ምሕረትን በአፋችን ብቻ ይሁን በልባችንም እንደምናምነው ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ስፍራ አላውቅም።

በመጀመሪያ ቅደም ተከተሉ ይስተካከል። ሐዋርያው ጳውሎስ በኤፌሶን መልእክት ምዕራፍ 2 ቁጥር 8 እና 9 መዳናችን በጸጋ የተሰጠ እንጂ በሥራ የተገኘ አለመሆኑን ይናገርና፣ ወዲያው በቁጥር 10 ለመልካም ሥራ እንደተፈጠርን ይጨምራል። ስለዚህ ጠዋት ሱቁ ሳይከፈት፣ ባጃጁም ሳይነሣ፣ ጥቂት ደቂቃ ወስዳችሁ ጌታ የተወላችሁን በደል በየስሙ እየጠራችሁ አመስግኑ፤ የትናንቱን ውሸት ውሸት፣ የትናንቱን ንፉግነት ንፉግነት በሉት። ይህን የዘለለ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚያደርገውን ቸርነት እንደ ውለታ መቁጠሩ አይቀርም።

ቀጥሎ የማቴዎስ ወንጌልን ምዕራፍ 18 ከቁጥር 21 ጀምሮ በዝግታ አንብቡ። ንጉሡ ለባሪያው የተወለት ዕዳ 10,000 መክሊት ሲሆን፣ ያ ባሪያ ባልንጀራውን አንቆ የጠየቀው 100 ዲናር ነበር። አንድ መክሊት 6,000 ዲናር ያህል ነው፤ አንድ ዲናር ደግሞ፣ በዚያው ወንጌል ምዕራፍ 20 እንደምናየው፣ ለአንድ የቀን ሠራተኛ የሚከፈል የውሎ ዋጋ ነበር። እንግዲህ 100 ዲናር ከ3 ወር በላይ ለፍቶ የሚገኝ ገንዘብ ነው፤ በስብከት ብዙ ጊዜ እንደ ኢምንት ቢቀርብም ኢምንት አይደለም። ይህን አጥብቄ የምናገረው ጌታ “የተወሰደባችሁ ጥቂት ነው” ብሎ ስላላቃለለብን ነው። የተጠየቅነው ጉዳቱን ቆጥረን፣ መጠኑን አውቀን፣ ከተተወልን ጋር አስተያይተን ይቅር እንድንል ነው።

በተግባር ደብተሩን ገልጣችሁ መክፈል የማይችለውን መክፈል ከማይፈልገው ለዩ። ለማይችለው፣ ለምሳሌ ባሏን በሞት ላጣች እናት ወይም ሥራ ለጠፋበት ጫኝና አውራጅ፣ አቅማችሁ ከፈቀደ ዕዳውን ሰርዙ፤ ባለዕዳውንም ለብቻው ጠርታችሁ መስመሩን ፊቱ ሰርዙት፤ ያልተነገረው ሰው ከሱቃችሁ ላለማለፍ በሌላ መንገድ መዞሩን አይተውምና። የእናንተ ልጆች የሚበሉት ከዚያው ገንዘብ ከሆነ ግን ሁሉን መሰረዝ አለብን ብላችሁ አትጨነቁ፤ ቀኑን ማራዘምና በየሳምንቱ ሊከፍል በሚችለው መስማማትም ምሕረት ነው። እየቻለ የሚያመላልሳችሁን ሰው በገበያ መካከል ሳታዋርዱ ሽማግሌ ይዛችሁ ጠይቁት። ቂሙን ትታችሁ፣ ዳግመኛ ዱቤ አለመስጠትም ትችላላችሁ፤ ይቅርታና ብድር የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ባለዕዳዎቹ እናንተ ስትሆኑ ግን የሌላውን ምሕረት ሳትጠብቁ ክፈሉ። ዘዳግም ምዕራፍ 24 ቁጥር 15 የድሃው ሠራተኛ ዋጋ ፀሐይ ሳይገባ እንዲሰጠው ያዝዛል። የቤት ሠራተኛዋን ደመወዝ እያዘገዩ ለቤተ ክርስቲያን ሥራ ማዋጣት፣ በእኔ እምነት፣ ሊቆም የሚገባው ልማድ ነው። ዘኬዎስ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 19 የቀማውን 4 እጥፍ ለመመለስ የተነሣው ጌታ እቤቱ ከገባ በኋላ መሆኑንም ልብ በሉ፤ መመለሱ የጸጋው ፍሬ እንጂ የመግቢያ ዋጋው አልነበረም።

ስለ አንደበት ጥቂት ልበል። የቀትሩ ሙቀት ሲበረታ የሰው ትዕግሥት ያጥራል፤ ስለዚህ ከትዳር ጓደኛ ወይም ከተከራይ ጋር የሚያከራክር ጉዳይ ካለ አየሩ ሲቀዘቅዝ ማታ ተነጋገሩ። ተሳስታችሁ ብትገኙ ደግሞ በዚያው ቀን የበደላችሁትን ሰው ይቅርታ ጠይቁ፤ የንስሐ አባት ያላችሁ ለንስሐ አባታችሁ፣ መጋቢ ያላችሁም ለመጋቢያችሁ ንገሩ። “ጸጋዬ ይበቃሃል” የተባለው ለደካማ ሰው ነውና በውድቀታችሁ ምክንያት ልምምዱን አታቋርጡ።

በመጨረሻ፣ በእኛ ከተማ ከደብተሩ ስሞች ብዙዎቹ የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ናቸው። ለእነርሱም ያው መመዘኛ ይሁን፤ የተሰረዘው ዕዳም የስብከት ማጥመጃ አይሁን፤ በምላሹ አንዳች የሚጠበቅበት ስጦታ ጸጋን አይመስልምና። ጎረቤታችሁ ራሱ “ለምን ተውክልኝ?” ብሎ ሲጠይቅ፣ የጴጥሮስ የመጀመሪያ መልእክት ምዕራፍ 3 ቁጥር 15 እንደሚያዝዘው በየዋህነትና በአክብሮት፣ ለእናንተም ብዙ እንደተተወላችሁ በአጭሩ ንገሩት፤ ከዚያም እንደ ወትሮው ስለ ቤተሰቡ ጤና ጠይቁ።