መስማት የተሳናቸው ልጆች ላሉበት የሥዕል ክፍል

ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ፣ በወጣት ማዕከልም ይሁን በቀበሌ አዳራሽ፣ የሰፈር ልጆችን ሥዕልና ሙዚቃ ለምታስተምሩ አርቲስቶች አንድ ነገር ላካፍላችሁ።

ክፍሉ ውስጥ መስማት የተሳነው ልጅ ካለ፣ እየሳላችሁ አታውሩ። ልጁ ወይ አስተርጓሚውን ያያል፣ ወይ ብሩሻችሁን። ሁለቱንም አንድ ላይ ማየት አይችልም። መጀመሪያ አስረዱ። ከዚያ ዝም ብላችሁ ሳሉ። ዓይኑን ወደ እናንተ ሲመልስ ቀጥሉ። የሚሰሙትም ልጆች ይጠቀማሉ፤ እኛ አስተማሪዎች ወሬ እናበዛለን እኮ! ጀርባችሁን ለመስኮት ሰጥታችሁም አትቁሙ። ብርሃኑ ከኋላ ሲመጣ ፊታችሁ ይጨልማል፤ የከንፈራችሁም የእጃችሁም እንቅስቃሴ በደንብ አይታይም።

ምት ስታስተምሩ ከስፒከር ይልቅ ከበሮ ይሻላል። ሰፊው ፊት ወፍራም ድምፅ ስላለው ልጁ መዳፉን ጎኑ ላይ ቢያሳርፍ ንዝረቱ በደንብ ይሰማዋል። ወለሉ ጣውላ ከሆነ ከበሮውን መሬት አስቀምጡትና ጫማውን ያውልቅ።

ማየት ለተሳነው ልጅ ደግሞ የእርሳሱን መስመር በኮላ ድገሙት። ሲደርቅ በጣት የሚዳሰስ ሥዕል ይሆናል። ወፈር ያለ ኮላ ቶሎ ስለማይደርቅ ከዋዜማው ሠርታችሁ አሳድሩት።