የሕፃን አይጥ ጡንቻ ላይ ግሊያ ሴል ለየትኛው ነርቭ እንደሚያደላ እንዴት እናያለን?

ስለ ግሊያ ሴሎች፣ ማለትም ነርቮችን አጅበው ስለሚኖሩት ሴሎች፣ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር የአንጎል ነው። እኔ ግን ለጀማሪ ሁልጊዜ የምመክረው ነርቭና ጡንቻ የሚገናኙበትን ቦታ ነው። ትልቅ ነው፣ ከላይ ይታያል፣ ኤሌክትሮድ (የኤሌክትሪክ ምልክት የምናነብበት ቀጭን መርፌ) በቀላሉ ይቀበላል። አንጎል ውስጥ አንድ ሴል ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ሲናፕሶች (ነርቭ ምልክት የሚያስተላልፍባቸው መገናኛዎች) ስላሉ የትኛውን እያያችሁ እንደሆነ ግራ ይገባችኋል፤ እዚህ ግን ነርቩም፣ ጡንቻውም፣ በላያቸው ተለጥፎ የተቀመጠው ሽዋን ሴል የሚባለው ግሊያም አንድ ምስል ውስጥ ይገባሉ።

ላብ ያላችሁ በእጃችሁ ሞክሩት። የሌላችሁም አንብቡት፣ የሌላ ሰው ጥናት ስታነቡ የት ላይ ማፍጠጥ እንዳለባችሁ ይጠቅማችኋል።

መጀመሪያ ነገሩን በአጭሩ። አይጥ ሲወለድ እያንዳንዱ የጡንቻ ክር ላይ፣ ያውም አንድ ቦታ ላይ ተጨናንቀው፣ ከአንድ በላይ ነርቮች ይደርሳሉ። ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሞላው አንድ ብቻ ይቀራል። በመሃል ፉክክር አለ፤ ማን ይቀራል የሚለውን በአብዛኛው የሚወስነው ነርቮቹ የሚልኩት ምልክት ነው። ሽዋን ሴሎቹ ይህ ሁሉ ሲሆን እዚያው ላይ ናቸው። ድሮ እንደ ከለላና እንደ ጽዳት ሠራተኛ ነበር የሚታዩት። በ1992 እ.ኤ.አ. ግን ሁለት የምርምር ቡድኖች፣ ለየብቻቸው፣ እንቁራሪት ላይ ነርቩ ሲቀሰቀስ የሽዋን ሴሉ ውስጥ ካልሲየም እንደሚጨምር አሳዩ። ማለትም ይሰማል። ከዚያ በኋላ የቀረው ጥያቄ ሰምቶ ምን ያደርጋል የሚለው ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተውን ልንገራችሁ። «ግሊያው ሲናፕሱን ያጠነክራል ወይስ ያዳክማል?» ብላችሁ አትጀምሩ። በዚህ ዕድሜ አንድ መገናኛ ላይ ሁለት ነርቮች አሉ፣ ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ «ለሁለቱም እኩል ነው ወይ የሚሰጠው?» ነው። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ ይህን ጥያቄ ላለማበላሸት ነው።

ዕድሜ ላይ አትቀልዱ

ከተወለደ 7ኛው ወይም 8ኛው ቀን ላይ ያዙት። ብዙ መገናኛዎች አሁንም ሁለት ነርቭ አላቸው፣ ግን አንደኛው መቅደም ጀምሯል። ገና እንደተወለደ ከሄዳችሁ ተፎካካሪው በዝቶ ማን ማን እንደሆነ አይለይም፤ 14ኛው ቀን ላይ ከደረሳችሁ ደግሞ ድግሱ አልቋል።

እኔ አንዴ ከ6ኛ እስከ 9ኛ ቀን ያሉትን «ያው ሕፃን ናቸው» ብዬ አንድ ላይ ደመርኳቸው። ሦስት ሳምንት ሠርቼ በሁለቱ ነርቮች መሃል ያገኘሁት አማካይ ልዩነት ዜሮ ነበር። በኋላ በየቀኑ ስለየው፣ ያለው ልዩነት እርስ በርሱ ተጣፍቶ ነው እንጂ ነበረ። አንድ ቀን በዚህ ዕድሜ ረጅም ጊዜ ነው። ከአንድ እናት የወጡ ግልገሎችም ስለሚመሳሰሉ፣ አሥር ግልገል ከአንድ እናት ወስዶ አሥር ናሙና አለኝ ማለት ራስን ማታለል ነው። የእንስሳት ምርምር ፈቃዱ ከሁሉ በፊት እንደሚቀድም መቼም ታውቃላችሁ።

ጡንቻው ሶሊየስ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከታፋ በታች ከኋላ ያለችው ቀጭኗ ጡንቻ። ነርቮቿ ከአከርካሪው ከሚወጡት ከ4ኛውና ከ5ኛው የወገብ የነርቭ ሥር ስለሚመጡ ሁለቱን ሥሮች ለየብቻ በኤሌክትሪክ መቀስቀስ ይቻላል። ዋጋው ግን አለ፣ ከአከርካሪው ጀምሮ ነርቩን ሳትበጥሱ እስከ ጡንቻው ማውጣት አለባችሁ። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ጊዜያት ትበጥሱታላችሁ። ያጋጥማል።

ሴሉን መለየት

ቀለም ማስገባት ቀላሉ ክፍል ነው። አልፋ ቡንጋሮቶክሲን፣ ከእባብ መርዝ የሚገኘው፣ የጡንቻውን የአሴቲልኮሊን (ነርቩ ለጡንቻው የሚልከው ኬሚካል) ተቀባይ ያበራል። ለነርቩ የኒውሮፊላመንት (የነርቩ የውስጥ ክር) እና የሲናፕስ ከረጢት (ነርቩ የሚለቀውን ኬሚካል የሚያከማችበት) አንቲቦዲዎች፣ ማለትም አንድን ፕሮቲን ለይተው የሚይዙ ሞለኪውሎች፣ ለሽዋን ሴሉ የኤስ100 አንቲቦዲ፣ ለኒውክሊየስ ዳፒ። እዚህ ሰው የሚወድቀው ኒውክሊየስ ብቻ ቆጥሮ ሲሄድ ነው። መገናኛው ላይ የሽዋን ሴል ብቻ አይደለም ያለው፤ የጡንቻው የራሱ ኒውክሊየሶች ከሥር ተሰብስበዋል፣ ከላይ ደግሞ ክራኖሳይት የሚባሉ እንደ ቆብ የተደፉ ሌሎች ሴሎች አሉ። ኤስ100 ያላበራውን አትቁጠሩ። በጎልማሳ አይጥ አንድ መገናኛ ላይ ከ3 እስከ 5 የሚሆኑ ሽዋን ሴሎች ይገኛሉ፤ በሕፃኑ ላይ ያንሳሉ፣ ስለዚህ አንድ ብቻ ስታገኙ አትደንግጡ።

ነርቭ ስትቆጥሩም አክሰኑን (የነርቩን ረጅም ክር) ወደ ኋላ ተከተሉት። ሁለት ቀጫጭን አክሰኖች ተጣብቀው ሲሄዱ አንድ ወፍራም ይመስላሉ።

ሁለቱን ነርቮች ለየብቻ ማዳመጥ

ኤሌክትሮዱን የጡንቻ ክሩ ውስጥ መገናኛው አጠገብ አስገቡና አንዱን ሥር ቀስቅሱ፣ ከዚያ ሌላውን። ሁለት የተለያየ ከፍታ ያላቸው ምላሾች ካገኛችሁ ሁለት ነርቭ ያለው መገናኛ ላይ ናችሁ፤ ከፍ ያለውን ምላሽ የሰጠው ብርቱው ነርቭ፣ ሌላው ደካማው ነው። ቆዩ ግን፣ ገና አትደሰቱ። የአንዱ ሥር ኤሌክትሪክ ወደ ሌላው ሊፈስ ይችላል። አንዱን ከቀሰቀሳችሁ በኋላ ወዲያው ሌላውን ቀስቅሱ፤ የሁለተኛው ምላሽ በመጀመሪያው ምክንያት ካበጠ ወይም ከቀነሰ ምናልባት ያንኑ አክሰን ሁለቴ እየነካችሁት ነው። ኃይሉን ቀንሱና እንደገና ሞክሩ።

ጡንቻው እንዳይንቀጠቀጥ ማድረግ ሌላ ራስ ምታት ነው። በጎልማሳ ጡንቻ ኮኖቶክሲን የሚባል የቀንድ አውጣ መርዝ ተጠቅሞ የጡንቻውን ሶዲየም በር መዝጋት ይቻላል፣ ተቀባዩም አይነካም። ሕፃን ጡንቻ ላይ ግን ያ መርዝ በደንብ የማይዘው ሌላ ዓይነት የሶዲየም በር ስላለ ጡንቻው ሊነጥር ይችላል፣ ኤሌክትሮዳችሁን ይዞ። ኩራሬ፣ የአሴቲልኮሊን ተቀባዩን የሚዘጋው መርዝ፣ ይሠራል፣ ሁለቱንም ምላሽ ዝቅ ያደርጋል፤ ግን ነርቩ ሳይቀሰቀስ በየመሃሉ የሚመጡትን ትንንሽ ምላሾች ይሰውርባችኋል። እነሱ ደግሞ ያስፈልጋሉ፣ ምክንያቱም ደካማው ነርቭ የሚደክመው የሚለቃቸው ከረጢቶች ስላነሱ ብቻ ላይሆን ይችላል። በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንዳሳየው ተሸናፊው ነርቭ ሥር ያለው ጡንቻ ራሱ ለእያንዳንዱ ከረጢት የሚሰጠው ምላሽም ያንሳል። ስለዚህ «ምላሹ ትንሽ ነው፣ ነርቩ ትንሽ ለቀቀ» ብሎ መዝለል አያዋጣም።

አሁን ግሊያውን

እንደ ፍሉዎ 4 ያለ የካልሲየም ማቅለሚያ አስገቡ፣ መገናኛው ላይ ያለውን ሽዋን ሴል በቅርጹ ለዩትና ካሜራውን እሱ ላይ አድርጉ። አንዱን ነርቭ በፍጥነት ደጋግማችሁ ቀስቅሱ፣ ብርሃኑ ከመነሻው በስንት እጅ እንደጨመረ መዝግቡ፣ 20 ደቂቃ ያህል አሳርፉት፣ ከዚያ ሌላውን። ቅደም ተከተሉን በየሙከራው ገልብጡ! ሁልጊዜ ብርቱውን ካስቀደማችሁ ማቅለሚያው በብርሃን እየደበዘዘ ስለሚሄድ ደካማው ያላግባብ ይበደላል። መጨረሻ ላይ ትንሽ ኤቲፒ (ነርቩ ራሱም የሚለቀው ሞለኪውል) ሴሉ ላይ እፍ በሉበት፤ ካልበራ ሴሉ ሞቶ ነበር፣ ዳታውን ጣሉት። ኤቲፒውን መጀመሪያ ላይ አታድርጉት፣ ተቀባዮቹን ያደክማል።

የሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲው የሪቻርድ ሮቢታይ ቡድን በ2013 እ.ኤ.አ. ይህን አድርጎ ያገኘው ያው አንድ ሽዋን ሴል ለብርቱው ነርቭ የበለጠ ካልሲየም እንደሚያነሳ ነው። ማን እየመራ እንደሆነ ያውቃል ማለት ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቀጣዩን ክፍል አመጡ፣ ለእኔ እጅግ ደስ የሚለው ይሄኛው ነው። ነርቩ ከሚለቀው ኤቲፒ የሚመጣው ምልክት ግሊያው ላይ ያለውን ፒ2ዋይ1 የሚባል ተቀባይ ይነካል፤ ግሊያው ውስጥ ካልሲየም ይጨምራል፤ ከዚያ ነርቩ ጫፍ ላይ ባሉት ኤ2ኤ በሚባሉ፣ አዴኖሲን የሚባለውን ኬሚካል በሚቀበሉ ተቀባዮች በኩል መልስ ይመለሳል። ውጤቱ የብርቱው ነርቭ ምልክት ለረጅም ጊዜ እየጎላ መቆየቱ ነው። ደካማው ግን ይህን አያገኝም። ላለው ይጨመርለታል የሚሉት ዓይነት ነገር።

ልብ በሉ፣ ሁለቱን ነርቮች አንድ ላይ ቀስቅሰው ቢሆን ኖሮ ይህ በፍጹም አይታይም ነበር።

ጣልቃ ገብቶ መፈተን

ካልሲየም አብሮ ስለጨመረ ብቻ ግሊያው ነው ያደረገው ማለት አይቻልም። የግሊያውን ካልሲየም ማጥፋት አለባችሁ። ካልሲየም የሚይዘውን ባፕታ ዝም ብላችሁ ፈሳሹ ውስጥ ብትጨምሩት ነርቩ ውስጥም ይገባል፣ ነርቩ ደግሞ ያለ ካልሲየም አይለቅም፤ ምላሹ ሲቀንስ አይታችሁ «ግሊያው!» ብላችሁ ትጮሃላችሁ። ይህን ስህተት የሠራ ሰው አውቃለሁ፣ ስሙን አልነግራችሁም፣ በመስታወት ነው የማየው። ግሊያው ውስጥ ብቻ የሚገባበት ዘዴ ያስፈልጋል። ሌላው መንገድ ፒ2ዋይ1ን የሚዘጋ መድኃኒት ነው፤ እሱንም ነርቩ በዝግታ ብቻ በሚቀሰቀስበት ጊዜ መሠረታዊውን ምላሽ እንደማይለውጥ አስቀድማችሁ አረጋግጡ። በ2018ቱ ጥናት ይህን ተቀባይ ሕያው አይጥ ላይ ሲዘጉት የትርፍ ነርቮች መወገድ ዘገየ።

ነርቩን ቆርጬ ግሊያውን ብቻውን ልየው የምትሉ ካላችሁ ተዉት። በጎልማሳ ይኖራል፣ እጁን እየዘረጋ ይፈልጋል፤ በሕፃን ግን መገናኛው ላይ ያሉት ሽዋን ሴሎች ነርቩ ሲቆረጥ ይሞታሉ። ከነርቩ በሚያገኙት ኒውረጉሊን በሚባል ፕሮቲን ነው የሚኖሩት፤ ይህ በ1996 እ.ኤ.አ. ታይቷል።

የሚበላው ግሊያስ?

አንዳንዱ አንባቢ «ግሊያው ነርቩን ይበላ የለም እንዴ?» ይለኛል። ይበላል። የዌስሊ ቶምሰን ቡድን በ2013 እ.ኤ.አ. በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ቁርጥ በቁርጥ ሲያየው ሽዋን ሴሎቹ ነርቩና ጡንቻው መሃል እጃቸውን እየሰደዱ የነርቩን ጫፍ ይቆርሳሉ፤ የሚገርመው ደግሞ አሸናፊ ተሸናፊ ሳይለዩ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ አክሰኑ ላይ ያለው ኒውረጉሊን ሲጨምር ማስወገዱ እንደሚፈጥን፣ ሲቀንስ እንደሚዘገይ ታየ።

ይህ ከላይኛው ጋር ይጋጫል? እኔ አይመስለኝም። ከሁለቱም ይቆርሳል እንበል፤ የተለቀቀችውን ቦታ ቀድሞ የሚሞላው ግን ምልክቱ የጎላለት ነው። ይህ የእኔ አነባበብ ነው፣ ሙከራ አይደለም። ሽዋን ሴል ሆድ ውስጥ የነርቭ ቁራጭ ስታዩም አትቸኩሉ። እያፈገፈገ ያለ አክሰን ራሱ ቁራጮችን እየጣለ ይሄዳል፣ ግሊያው ያንን ሊያነሳ ይችላል። ገዳዩና ቀባሪው በአንድ ፎቶ አይለዩም።

መጨረሻ ላይ ውጤቱን ስትስሉ፣ የብርቱዎቹን አማካይና የደካሞቹን አማካይ በሁለት ዓምድ አታስቀምጡ። ከአንድ መገናኛ የመጡትን ሁለት ነጥቦች በመስመር አያይዟቸው፣ አሥር መገናኛ ካላችሁ አሥር መስመር። አብዛኞቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ካዘነበሉ አንባቢው በዓይኑ ያየዋል። ሁለት ሦስቱ ተገልብጠው ከተገኙ ደግሞ አትደብቋቸው፤ ወደነዚያ ጡንቻዎች ተመለሱና የግልገሉን ዕድሜ አጣሩ።