የሶፍትዌር ቡድንን ከዋተርፎል ወደ አጃይል እንዴት ማሸጋገር ይቻላል?

ዋተርፎል ዕቅድን፣ ንድፍን፣ ኮድንና ቴስትን አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው እያለፈ የሚሠራበት ዘዴ ነው፤ አጃይል ደግሞ ሶፍትዌሩን በትንንሽ ክፍል እየሠሩ በየጊዜው የማሳየት ዘዴ ነው። በእ.ኤ.አ. 2001 በአሜሪካ ዩታ ግዛት ውስጥ የተሰበሰቡት 17 ባለሙያዎች ያወጡት የአጃይል መግለጫ ስለ ሥራ ሰሌዳም ሆነ ስለ ስፕሪንት (ርዝመቱ የተወሰነ አጭር የሥራ ዙር) ምንም አይልም። መርሆቹ ግን የእድገት ዋና መለኪያ የሚሠራ ሶፍትዌር ነው ይላሉ። የአጃይልን ስብሰባዎች ብቻ ወስዶ ይህን መርህ የተወ ቡድን ቶሎ ይሰላቻል።

1. በእጅ ያለውን ሥራ ሁሉ ሰሌዳ ላይ አውጡ፦ ያልተጀመረ፣ በሥራ ላይ፣ ቴስት ላይ፣ ያለቀ። ስድስት ሰው አሥራ አምስት ሥራ ከፍቶ ከተገኘ አዲስ አትጀምሩ።

2. የሥራዎቹን ቅደም ተከተል የሚወስን አንድ ሰው (ፕሮዳክት ኦውነር) ይሰየም። ኮሚቴ አይሆንም።

3. ሥራውን ቆራርጡ። ፈተናው እዚህ ላይ ነው። የዋተርፎል ልማድ ያለው ቡድን «ዳታቤዙ በዚህ ስፕሪንት፣ ገጹ በሚቀጥለው» ብሎ ይከፍላል፤ ይህ ስሙን የቀየረ ዋተርፎል ነው። የተጠቃሚ ምዝገባን እንውሰድ፦ መጀመሪያ በስልክ ቁጥርና በይለፍ ቃል መመዝገብ፣ ቀጥሎ በኤስኤምኤስ ኮድ ማረጋገጥ፣ ከዚያ የይለፍ ቃሉን ለረሳ ሰው ማደስ። እያንዳንዱ ከገጹ እስከ ዳታቤዙ ደርሶ ለብቻው ይሞከራል። ከሦስት ቀን በላይ የሚፈጅ ከሆነ እንደገና ይቆረጥ።

4. «አልቋል» ማለት ምን እንደሆነ ጽፋችሁ ተስማሙ፦ ኮዱን ሌላ ሰው አይቶታል፣ ቴስት አልፏል፣ መሞከሪያ ሰርቨር ላይ ተጭኗል። «90 በመቶ ደርሷል» የሚባለው ያላለቀ ነው።

5. የሁለት ሳምንት ስፕሪንት ጀምሩ። ለዕቅድ ቢበዛ 4 ሰዓት፣ ለዕለታዊው ስብሰባ 15 ደቂቃ ይበቃል። ዕለታዊው ለአለቃ ሪፖርት ማቅረቢያ ከሆነ ሰው ችግሩን መደበቅ ይጀምራል። ስለዚህ በየሰዉ መዞር ትታችሁ ለማለቅ ከቀረበው ሥራ ጀምራችሁ ተነጋገሩ።

በመጀመሪያዎቹ ስፕሪንቶች ቴስተሮች ሳምንት ሙሉ ሥራ ፈትተው ይከርሙና በመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ሁሉም ይወርድባቸዋል። ምክንያቱ ሁሉም ሰው የየራሱን ሥራ በአንድ ቀን መጀመሩ ነው። ሁለት ሁለት ሆናችሁ አንድ ሥራ ያዙ፤ የመጀመሪያው በሦስተኛው ቀን ቴስት ይግባ። ሥራ ሲከማች ፕሮግራመሮቹም ይሞክሩ፣ የራሳቸውን ኮድ ግን አይደለም።

6. በስፕሪንቱ መጨረሻ የሚሠራውን ለደንበኛው አሳዩ፤ ስላይድ አያስፈልግም። ከዚያ ቡድኑ ለብቻው ተቀምጦ የሚያሻሽለውን አንድ ነገር ይምረጥ። አምስት የመረጠ አንዱንም አይሠራም።

የሚሠራው ሥራ ዝርዝር ከደንበኛው ጋር በውል የታሰረ ከሆነስ? ቀኑና ዋጋው ባለበት ይጽና፤ ደንበኛው ያልተጀመረን ሥራ በመጠን እኩል በሆነ አዲስ ሥራ መለወጥ እንዲችል ግን ከመጀመሪያው ስፕሪንት በፊት በጽሑፍ አስፈርሙ።