የሜክሲኮ አዛውንቶችን ኑሮና ጤና ስናጠና የምንሳሳተው የት ላይ ነው?

የልጅነት ኑሮ እርጅና ላይ ጤናን ምን ያደርገዋል? ለዚህ ጥያቄ ሜክሲኮ ጥሩ ዳታ አላት። እ.ኤ.አ. በ2001 ተጀምሮ 50 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎችን እየተመላለሰ የሚጠይቅ አገር አቀፍ ጥናት አለ። ዳታውን የሚያነብ ሰው ግን እነዚህ ላይ ይሰናከላል።

የመጀመሪያው፣ የልጅነት ድህነትን በገቢ መፈለግ ነው። የሰባ ዓመት ሰው የአባቱን ገቢ ከየት አምጥቶ ይናገራል? ያውም የገበሬ አባት! ስለዚህ ጥናቱ የሚጠይቀው ሰው የማይረሳውን ነው፦ አስር ዓመት ሳይሞላዎት ጫማ ያደርጉ ነበር? እየራብዎት ይተኙ ነበር? ቤታችሁ ውስጥ ሽንት ቤት ነበር? ምግብ የሚበስልበት ክፍል ውስጥ ነበር የምትተኙት? እነዚህንም ቢሆን ዝም ብሎ ደምሮ አንድ ቁጥር ማድረግ ያሳስታል። በዚያ ዘመን ገጠር፣ ከብት የሞላው ገበሬም ቤቱ ውስጥ ሽንት ቤት ላይኖረው ይችላል፤ ጥያቄው ደሃውን ከሀብታሙ ከመለየት ይልቅ ገጠሬውን ከከተሜው ይለያል። ረሃብ ግን የትም ረሃብ ነው።

ትምህርትን በአሜሪካ ሚዛን መመደብም አለ። "ሁለተኛ ደረጃ ጨርሷል፣ አልጨረሰም" ካላችሁ አብዛኛው ሰው አንድ ጎራ ውስጥ ይታጎራል። ልዩነቱ ያለው የትምህርት ቤት ደጃፍ ባልረገጠው፣ ጥቂት ክፍል በተማረውና ስድስተኛን በጨረሰው መካከል ነው።

"ደሃ ሁሌም ይበልጥ ይታመማል" ብሎ መደምደም ደግሞ በጣም የተለመደ ነው። መራመድና ዕቃ ማንሳት ላይ፣ አዎ፣ ደሃው ቶሎ ይደክማል። ውፍረትና ሲጋራ ላይ ግን በዚህ ትውልድ ኑሮው የተሻለው ሰው ብሶ የተገኘበት ጊዜ አለ። ስኳርማ ጭራሽ ተንኮለኛ ነው፤ ጥያቄው "ሐኪም ስኳር አለብዎት ብሎዎት ያውቃል?" ስለሆነ ሐኪም ቤት ሄዶ የማያውቅ ሰው ጤነኛ ሆኖ ይመዘገባል።

ለጥናቱ የደረሱት የተረፉት ናቸው። በልጅነታቸው የሞቱትን ማንም አልጠየቃቸውም፤ ስለዚህ የድህነቱ ጉዳት ከእውነተኛው አንሶ ሊታይ ይችላል።

እኔን የሚያናድደኝ ግን ይሄኛው ነው፦ የአዋቂነት ኑሮን ሂሳቡ ውስጥ ሲያስገቡ የልጅነቱ ተጽዕኖ ስለቀነሰ "ልጅነት ለውጥ አያመጣም" ማለት። እንዴት ሆኖ? የተራበው ልጅ ትምህርቱን አቋርጦ ሥራ ገባ፣ ሲያድግም ያገኘው ውል የሌለው የቀን ሥራ ሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ1943 የተቋቋመው የማኅበራዊ ዋስትና ተቋም ደግሞ በዋናነት የሚሸፍነው ደሞዝተኛውን ስለነበር ያለ ጡረታ አረጀ። የአዋቂነት ድህነቱ የልጅነቱ ድህነት ያለፈበት መንገድ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ውጤት፣ ከማስገባታችሁ በፊት ያለውንም በኋላ ያለውንም፣ ጎን ለጎን አስቀምጡ።

ገቢ ስትቆጥሩም ከአሜሪካ የሚላከውን ዶላር አትዝለሉ። "ገቢ የለውም" የተባለ አዛውንት ቤቱ የራሱ፣ አስቤዛው ደግሞ ካሊፎርኒያ ካለ ልጁ ሊሆን ይችላል።