ልጅ ይዞ ማስቀደስ፦ ከቅዳሜ ማታ እስከ «እትዉ በሰላም»

ልጄን ይዤ ማስቀደስ የጀመርኩ ሰሞን የሰማሁት ቅዳሴ የለም። ወንጌል ሳይነበብ ሦስት ጊዜ ወጥቼ እገባለሁ። የአራት ዓመቷ ልጄ ቤተ ክርስቲያኑ ጸጥ ባለበት ሰዓት «እማዬ፣ አለቀ?» ብላ ስንቱን አሳቀችብኝ። ጥፋቱ ግን የእኔ ነበር። ከሁለት ሰዓት በላይ አቁሜያት «ዝም በይ» ከማለት በቀር ምን እንደምታይ አልነገርኳትም።

ቅዳሜ ማታ ጀምሩ

ብዙ ደብር እሑድ ቅዳሴ የሚገባው ገና ሳይነጋ ነው። እንቅልፍ ያልጠገበ ልጅ ደግሞ ማንንም አያስቀድስም። ቶሎ አስተኙት። ነጠላውን አጣጥፋችሁ አዘጋጁ። ጫማው ክር የሌለው ይሁን፣ በር ላይ ይወልቃልና። ካልሲው ወፍራም ቢሆን ይሻላል፤ ወለሉ ጠዋት ጠዋት ይበርዳል።

የሚቆርብ ከሆነ የንስሐ አባታችሁን አስቀድማችሁ አማክሩ። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ተጠምቀው በዚያው ዕለት ስለሚቆርቡ ሕፃናት ለቅዳሴ እንግዳ አይደሉም። ጡት የሚጠባ ልጅ ከስንት ሰዓት ጀምሮ ሳይጠባ ይቆይ የሚለውን ግን ከጎረቤት አትስሙ። ዕድሜውንና ጤናውን አይተው ካህኑ ይነግሯችኋል። የማይቆርብ ትንሽ ልጅ ቤት ቀማምሶ ይምጣ።

ከኋላ አትቁሙ

ልጅ የያዘ ሰው እንዳይረብሽ ብሎ ከኋላ ይቆማል። እዚያ ልጁ የሚያየው የሰው ጀርባ ብቻ ነው፤ ቢሰለቸው አይፈረድበትም። የመቅደሱ መጋረጃ የሚታይበት፣ ለበርም የማይርቅ ጥግ ፈልጉ። አብዛኛው ልጅ ከእናቱ ጋር በሴቶች በኩል ይቆማል። አባት ተራውን ተቀብሎ በወንዶች በኩል ቢይዘው ግን ነውር የለውም። እናትም እኮ መጸለይ ትፈልጋለች።

የሚጠብቀው ነገር ስጡት

ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው። ማታ ሦስት ነገር ብቻ ንገሩት፤ ከሦስት ካለፈ ይረሳዋል። እኔ ለልጄ የነገርኳት ቃጭሉን፣ የዕጣኑን ጢስና ዲያቆኑ «እለ ትነብሩ ተንሥኡ» የሚልበትን ጊዜ ነበር። «የተቀመጣችሁ ተነሡ ማለት ነው፤ እሱ ሲል አንቺ ከሁሉም ቀድመሽ ትነሻለሽ» አልኳት። ነጠላዬ ላይ ቁጭ ብላ ጆሮዋን አቁማ ጠበቀች። ሲባል ብድግ! ቀጥሎ «ውስተ ጽባሕ ነጽሩ» ሲባል ወደ ምሥራቅ ዞራ አንጋጠጠች። አጠገባችን የነበሩ አንዲት እናት «እደጊ የእኔ ልጅ» ብለው ግንባሯን ሳሟት። ያን ቀን አንዴም አልወጣንም።

«አቡነ ዘበሰማያት»ንም ቤት አለማምዱት። ሕዝቡ አንድ ላይ ሲለው የእሱም ድምፅ ይገባል። ስልክ ግን አትስጡት። አንዴ ከሰጣችሁ በየሳምንቱ ይጠይቃችኋል።

ሲያለቅስ

ውጡ። አትቆጡት፣ አትቆንጥጡት። ዛፍ ሥር አዙራችሁ፣ ውኃ አጠጥታችሁ (የማይቆርብ ከሆነ ነው እንግዲህ) ተመለሱ። መመለሱን አትርሱ፤ በዚያው ከቀራችሁ ማልቀስ መውጫ መሆኑን ይማራል። አሜሪካና አውሮፓ አንዳንድ ቤተ ክርስቲያን ለሕፃናት የተለየ ክፍል አለ። ለማረጋጊያ ጥሩ ነው። ሙሉውን ቅዳሴ እዚያ ማሳለፍ ግን ቤት ከመቅረት ብዙም አይለይም። የሚገላምጥ ሰው አይጠፋም፣ ቻሉት።

ቁርባን ሲደርስ

ልጅን ለቁርባን ብቻ እየሮጡ ማድረስ ተለምዷል። እኔ አልወደውም፤ ልጁ ወረፋውን እንጂ ጸሎቱን አያውቀውም። በብዙ ደብር ሕፃናት ስለሚቀድሙ ሳይጠሩ ተዘጋጁ። አፉን እንዲከፍት ቤት አለማምዱት። ሲቆርብ እጁን ያዙለት፣ ጨብጦ እንዳይነካ። ከዚያ የቅዳሴ ጠበል አጠጡትና አፉን በነጠላው ሸፍኑለት። እንዳይተፋም ንገሩት። ጨቅላ ከሆነ ወዲያው አታወዛውዙት።

«እትዉ በሰላም» (በሰላም ግቡ) ተብሎ ቅዳሴው ሲያበቃ ወደ ታክሲ አትሩጡ። የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር ካለ ልጁ ከበሮውን ይስማ፣ ከእኩዮቹም ጋር ግቢው ውስጥ ይሩጥ። የእኔዋ አሁን «አለቀ?» የምትለው ከበሮው ሲቆም ነው።