ሩጫው ላይ እግር ሲከዳ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ረጅም ትራያትሎን ለሚሞክሩ

ይሄ 1.9 ኪሎ ሜትር ዋኝታችሁ፣ 90 ኪሎ ሜትር ብስክሌት ነድታችሁ፣ 21.1 ኪሎ ሜትር ልትሮጡ ለተነሳችሁ ነው። ጎማ መንፋትና ካቴና ዘይት መቀባት ታውቃላችሁ፤ እሱን አልነግራችሁም። እኔ ጋ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ችግር አለ።

ምልክቱ፦ ከብስክሌት ወርዳችሁ 5 ወይም 6 ኪሎ ሜትር ስትሮጡ እግር እምቢ ይላል፣ ራስ ይዞራል

ሁሉም "የሩጫ ልምምድ አንሶኝ ነው" ይላል። እኔ ያየኋቸው ግን አብዛኞቹ ጎበዝ ሯጮች ናቸው። ጉልበታቸው ያለቀው ብስክሌቱ ላይ ነው። መጀመሪያ ከአቅም በላይ ይነዳሉ፣ ከዚያ ደግሞ አይበሉም። ጡንቻና ጉበት ውስጥ ያለው ስኳር በግርድፉ 2,000 ካሎሪ ነው፤ ዋኝቶ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ፔዳል መትቶ፣ ምንም ሳይቀምስ ለግማሽ ማራቶን የሚተርፈው ሰው የለም።

ከአዲስ አበባ ቢሾፍቱ ደርሶ መልስ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ለልምምድ እንወደዋለን። መሄጃው ቁልቁል ስለሚበዛው ያታልላል። መመለሻው ላይ 400 ሜትር ገደማ ከፍታ ይጠብቃችኋል። አንድ ወዳጄ ሲሄድ ማንንም አልጠበቀም። ዱከም ላይ ሙዝ ስሰጠው "አልራበኝም" አለኝ። ስንመለስ ገላን ላይ ብስክሌቱን አጋድሞ መንገድ ዳር ተቀምጦ አገኘሁት። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ስጠራው ዝም ብሎ ያየኛል። ከሱቅ ኮካ ገዝቼ አጠጣሁት። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ቆሞ ያወራ ጀመር።

መለያውም ይሄው ነው። ስኳር ጠጥታችሁ በ10 ወይም በ15 ደቂቃ ነፍስ ከዘራችሁ፣ የጎደለው ምግብ ነበር። ምንም ለውጥ ከሌለ ፍጥነታችሁን ወይም ሙቀቱን ጠርጥሩ።

መፍትሄው

በሰዓት 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ያስፈልጋችኋል። አንድ መካከለኛ ሙዝ 27 ግራም ገደማ አለው። ጄል (በትንሽ ከረጢት የታሸገ፣ እየነዳችሁ የምትመጡት ወፍራም ስኳር) ካላገኛችሁ ወይም ከተወደደባችሁ፣ አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 5 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨውና ትንሽ ሎሚ በጥብጡ። ስኳሩ ብቻውን 60 ግራም ይሆናል። መጠጣት የምትጀምሩት በመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች ውስጥ ነው። ረሃብ እስኪሰማችሁ አትጠብቁ፤ ሲሰማችሁ ረፍዷል። ሰዓታችሁን በየ20 ደቂቃው እንዲጮህ ሙሉት።

ሆድ ግን እንደ እግር ልምምድ ይፈልጋል። በሰዓት ከ30 ግራም ጀምራችሁ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ጨምሩ። ለውድድሩ ቀን ብላችሁ አዲስ ጄል አትክፈቱ። ቀኑ ያለፈበትንማ ጭራሽ አትንኩ! በሶ እወዳለሁ፤ ግን ከመነሳታችሁ ሦስት ሰዓት ቀደም ብሎ ለቁርስ ይሁን። ኮዳ ውስጥ ከትታችሁት ከሄዳችሁ አፉን ይደፍነዋል፣ ሆድም ላይ ይከብዳል።

ፍጥነቱን በወሬ መዝኑት። ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካልቻላችሁ ቀንሱ። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት "ይሄማ ቀላል ነው" የሚያሰኝ ካልሆነ በዝቷል ማለት ነው። በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ከብስክሌት እንደወረዳችሁ ወዲያው 20 ደቂቃ ሩጡ።

እባካችሁ ርካሽ የፕላስቲክ ኮዳ መያዣ አትግዙ። ምግቡን በደንብ ያዘጋጀች አንዲት እህታችን ገና 12ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ጉድጓድ ስትገባ ሁለቱም ኮዳዎቿ ወድቀው ከጭነት መኪና ጎማ ስር ገቡ። የቀረውን መንገድ በአንድ ሙዝ ጨረሰችው፤ ሩጫው ላይ የሆነችውን አልረሳውም። ያ ሁሉ ዝግጅት በአንድ የማይረባ ዕቃ! ከመግዛታችሁ በፊት ሙሉ ኮዳ አስገቡበትና ብስክሌቱን አንስታችሁ መሬት ላይ ጠበቅ አድርጋችሁ አሳርፉት። ኮዳው ከዘለለ መልሱት።

የምትጾሙ ሰዎች፣ በዐቢይ ጾም ረጅሙን ልምምድ በባዶ ሆድ ጠዋት ላይ አታድርጉት። ቅዳሜና እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በልታችሁ ውጡ። በሥራ ቀናት ቀላሉን ልምምድ ብቻ ሥሩ። ሙዝ፣ ተምርና ስኳር ሁሉም የጾም ናቸው።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለ። ባዶ ውሃ ብቻ ያለ ልክ መጠጣትም ይጎዳል። ጣት ካበጠ፣ ራስ ምታት ከበረታ፣ ሰውየው ግራ ከተጋባ፣ ውሃ አትጨምሩለት፤ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ደረት ላይ ሕመም ከመጣም ወዲያው አቁሙ። ከውድድር በኋላ ሽንት ኮካ ከመሰለም ሐኪም ቤት ነው፤ እስከ ነገ አይቆይም።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

ዋና ላይ 50 ሜትር ሳይሞላ ትንፋሽ ካጠረ፣ ውሃ ውስጥ አየር አምቃችሁ ነው፤ ፊታችሁ ውሃ ውስጥ ሳለ አረፋ እያወጣችሁ ተንፍሱ። ሐይቅ ላይ ብቻችሁን አትዋኙ።

እጅ ከደነዘዘ መሪውን ጨብጣችሁ ስለቆያችሁ ነው፤ ቦታ ቀይሩ።

ጉልበት ከፊት በኩል ካመመ ኮርቻው ዝቅ ብሎ ይሆናል፤ ከኋላ ካመመ ደግሞ ከፍ ብሎ። በአንድ ጊዜ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ቀይሩና ሁለት ቀን ነድታችሁ እዩት።